ማንም ያልቀመሰው ወጥ

ባለፈው ጥር የሥራ ባልደረባዬ ሲያገባ፣ ደብረ ታቦር ውስጥ ከተሠሩት አዳዲስ አዳራሾች በአንዱ ሳህን ይዤ ተሰልፌ ነበር። በረጅሙ ጠረጴዛ ላይ የብረት ክዳን ያላቸው ሰፋፊ ዕቃዎች ተደርድረዋል። ከእያንዳንዳቸው ፊት በኮምፒውተር የተጻፈች ትንሽ ወረቀት ቆማለች፤ «የፍስክ»፣ «የጾም»፣ ራቅ ብሎ ለብቻው ደግሞ «የሙስሊም»። አስተናጋጁ የመጨረሻውን ክዳን ብድግ ሲያደርገው የበግ ወጥ እንፋሎት ፊቴን ሞላው። ኮረሪማ አለበት፣ ነጭ ሽንኩርት አለበት፣ ቅቤው ገና አልሰከነም። ከኋላዬ ያለው ሰው «እህት፣ ራመድ ራመድ በይ እንጂ!» ብሎ እስኪጮህብኝ ድረስ ባለሁበት ቆሜ ቀረሁ።

ያ ሽታ ወደ እህቴ ሰርግ ቀን ነው የወሰደኝ። ያን ቀን ልክ እንደዚህ የሚሸት ወጥ በጓሯችን ነበረ፤ ከጠራናቸው ሰዎች መካከል አንድም ሊበላው የማይችል ወጥ።

ያኔ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ ባጃጅ ወደ ከተማችን በገባ ሰሞን። አባታችን እኔ ልጅ ሳለሁ ሞቷል። ቤታችን ከገበያው ሽቅብ ሲወጡ ባለው ሰፈር ነበር፤ ከጎረቤታችን የሚለየን የባሕር ዛፍ እንጨት አጥር ነው። ጎረቤታችን ሸማኔ ነበሩ፤ ሙስሊም፣ ቀጭን፣ ንግግራቸው ቀስ ያለ። ጠዋት ስነቃ መጀመሪያ የምሰማው የመወርወሪያቸውን ድምፅ ነው፤ ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ ይሄዳል፣ ይመለሳል። የግጥምን ምት ማንም አላስተማረኝም፤ ከዚያ አጥር ጀርባ ነው የለቀምኩት። ሚስታቸው ሳቂታም ቁጡም ነበረች፤ እንደ እናቴ ስለምቀርባት አንቱ ብያት አላውቅም። ልጃቸው ደግሞ እኩያዬና የክፍል ጓደኛዬ ናት። አጥሩ መሃል ላይ እንጨት ተነቅሎ ሰው የሚያሾልክ ክፍተት ነበረው። ማን እንደነቀለው አላውቅም፤ መልሶ ሊያጥረው የሞከረ ሰው ግን አላየሁም። ዛሬ እዚያ ቦታ የብሎኬት ግንብ ቆሟል። የሠሩት ከእኛ በኋላ ቤቱን የገዙ ሰዎች ናቸው፤ ክፉም አይደሉም፣ አጥር ነው የሠሩት።

አባቴ የሞተ ዕለት ድንኳኑን የተከሉት ሸማኔው ናቸው። እህቴን ለመጠየቅ ሽማግሌዎች ሲመጡ እናቴ «አባቷን ጠይቁ» ብላ በዚያ ክፍተት በኩል ወደ እሳቸው ነው የላከቻቸው። ሽማግሌዎቹ መጀመሪያ እርስ በርስ ተያዩ፤ ከዚያ ጋቢያቸውን ሰብስበው ሾለኩ። ሸማኔው የሙሽሪትን ልብስ ሸመኑ፤ በሰርጉም ቀን በአባቷ ቦታ ተቀምጠው ሊመርቋት ቃል ገቡ።

ልብ በሉልኝ፤ በእኛ አገር ክርስቲያን ሙስሊም ያረደውን አይበላም፤ ሙስሊሙም ክርስቲያን ያረደውን እንዲሁ። ይሄ ግን አብሮ ሰርግ መብላትን አያስቀርም። ዳስ ሁለት ይጣላል። ለጎረቤቶቹ ዳስ በጉን እናቴ ትገዛለች፤ ሸማኔው ያርዱታል፤ ሚስታቸው ከቤቷ ባመጣችው ድስት፣ ቢላና ጭልፋ፣ በራሷ እሳት ትሠራዋለች። በአረፋና በመውሊድ ደግሞ ተራው ይገለበጣል። ለእኛ ብለው ዶሮ ይገዛሉ፤ አጎቴ በስመ አብ ብሎ ያርድላቸዋል፤ እናቴ የራሷን ድስት ተሸክማ ሄዳ እነሱ ጓሮ ትሠራዋለች።

እናቴ በዚህ ነገር ቀልድ አታውቅም። የእኛ ጭልፋ ከነሱ ዕቃ ጋር ተቀላቅሎ ከተገኘ ተለይቶ፣ ታጥቦ፣ ቦታው እስኪገባ ድረስ እረፍት የላትም። እኔ በዚያ ዕድሜዬ ይሄ ሁሉ ጥንቃቄ የአሮጌ ሰው ሥራ ይመስለኝ ነበር። ሁሉ ነገር ይጠበኝ ነበር፤ ከተማው፣ ክፍሉ፣ ወጉ። ሰው ሁሉ አንድ ነው የሚል ረጅም ግጥም ገጥሜ፣ በሰርጉ ዋዜማ ለሸማኔው ሚስት በቃሌ ስወጣላት፣ እስከ ግማሹ በትዕግሥት ሰማችኝና «ግሩም ነው የኔ ልጅ፤ አሁን ግጥሙን ትተሽ ሽንኩርቱን ላጪ!» አለችኝ።

የሰርጉ ዕለት ጠዋት ውርጭ ነበር። ፀሐይ ስትወጣ የዳሱ ጣራ ላይ የተነጠፈው የባሕር ዛፍ ቅጠል ማላብ ጀመረ፤ ግቢው ሁሉ ቅጠል ቅጠል ሸተተ። ረፋድ ላይ አክስቴ፣ የእናቴ ታላቅ እህት፣ ከጉና ወረዱ። በቅሏቸው ገብስና ድንች ተጭናለች፤ እሳቸው ወፍራም ባናቸውን ለብሰው በእግራቸው ናቸው። ሲያቅፉኝ ጭስና የበግ ጠጉር ሸተቱኝ። ከእናቴ ሰርግ ወዲህ ወደ ከተማ ወርደው አያውቁም፤ ለአባቴ ለቅሶ እንኳ ታመው ስለነበር አልመጡም። በሳቸው መንደር ከዳር እስከ ዳር ያለው ሰው በአንድ ቤተ ክርስቲያን ነው የሚያስቀድሰው። ጎረቤት ሲባል ሌላ ነገር ሊታሰባቸው አይችልም። የእኛ ጎረቤቶች እነማን እንደሆኑ፣ የትኛው ድስት የማን እንደሆነ የነገራቸው ሰው አልነበረም። እያንዳንዳችን ሌላው የነገራቸው መስሎን ነበር።

«አክስቴ፣ ከመንገድ ነው የመጡት፣ ትንሽ ይረፉ» አልኳቸው።

«እንግዳ ነኝ እንዴ? ወዲያ! ማማሰያ ስጡኝ» አሉና ባናቸውን ወንበር ላይ ጥለው ወደ ጓሮ ሄዱ።

በጓሮ በአንድ ወገን የበሬው ሥጋ በትላልቅ ድስቶች ይንተከተካል። ወደ አጥሩ ጠጋ ብሎ ደግሞ የሸማኔው ሚስት የበጉን ወጥ ጨርሳ፣ ከድና፣ ፍሙ ዳር አስቀምጣ ልብስ ልትቀይር ወደ ቤቷ ሾልካለች። በዚህ መሃል ከደጅ «ሙሽራው መጣ!» የሚል ጩኸት ተሰማ። ሴቶቹ ማማሰያቸውን እንደያዙ ሮጡ። ውሸት ነበር፤ የመጣው ወንበር የጫነ መኪና ነው። ሴቶቹ ግን ከወጡ አይቀር ብለው እዚያው ደጅ ላይ እኔ የገጠምኩላቸውን ማቀንቀን ጀመሩ።

«ሙሽራው መጣልን ጢሙን ተላጭቶ፣
ሚዜው ቀረ አሉን ውሰት ጫማ አጥቶ!»

እኔ ጨው ልወስድ ወደ ጓሮ ስዞር አክስቴን ብቻቸውን አገኘኋቸው። የበጉ ወጥ ድስት ክዳኑ ተነስቷል። አክስቴ ከትልቁ የበሬ ድስት በጭልፋ እየዛቁ ወደዚያ ይገለብጣሉ።

«አክስቴ! ምን እያደረጉ ነው?»

«ቀስ በይ፣ እናትሽ እንዳትሰማ» አሉኝ እየሳቁ። «ይሄ የማን ነው ብል እዚህ ስትጫወት የነበረች ሕፃን የጎረቤቶች ነው አለችኝ። ከፍቼ ባየው ጎድሏል። ምነው እህቴ፣ ለጎረቤት እንዲህ ይሳሳል? ፍሪምባውን መርጬ፣ ቅልጥሙንም ጨምሬ ሞላሁላቸው። የሙሽራው ወገን አጥንት ይጋጥ!»

በባዶ ጭልፋቸው የድስቱን ከንፈር መታ መታ አደረጉት። ግንባራቸው አልቦ ያበራል። እንዲያ ደስ ብሏቸው አይቻቸው አላውቅም። ዞሬ ወደ እናቴ ሮጥኩ።

እናቴ ጓዳ ውስጥ የእህቴን ነጠላ እያስተካከለች ነበር። ወደ ውጭ ስቤ ነገርኳት። አጎቴ በራፉ ላይ ቆሞ ከረባቱን ሲያስር ሰምቷል።

«ማን አየ?» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አማስሉትና ይቅረብ። ጭልፋ ሥጋ ሰው አይገድል። ሰዓቱ እኮ ደርሷል!»

«እነሱ እኔን አምነው ነው የሚበሉት» አለች እናቴ።

«እሺ፣ ለእትዬ ንገሪያትና ይደፋ።»

«እትዬ ይሄን ከሰማች በቅሎዋን ጭና ዛሬውኑ ትመለሳለች። ዳግመኛም ደጄን አትረግጥም። አታውቃትም?»

እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ አጥሩ ክፍተት ሄደች። እኔም ተከተልኳት። በአንድ በኩል የእሷን ቃል አምነው ለመብላት የተጣጠቡ ሰዎች አሉ፤ በሌላው በኩል ስንት ዓመት ቆይታ የመጣች እህት አለች። አንዱን ሳትሰብር ሌላውን የምታድንበት መንገድ አልታያትም።

የሸማኔው ቤት ያን ቀን ጸጥ ያለ ነበር፤ መወርወሪያው ቆሟል። ሸማኔው አዲስ ነጭ ጥምጣም ጠምጥመው አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠዋል። ሚስታቸው በመስታወት ፊት ኩል ትኳላለች። ጓደኛዬ ጫማዋን ትወለውላለች።

«ወንድም ዓለም» አለች እናቴ፣ «ጉድ ሆኛለሁ።» ሳትቀመጥ ሁሉን ነገረቻቸው። ምንም አልቀነሰችም።

መጀመሪያ የተናገረችው ሚስታቸው ናት። «ከንጋት ጀምሬ ያቁላላሁትን! ልብስ ልቀይር ዞር ብል? ዞር ብል ነው?» ኩሉ ባንድ ዓይኗ ብቻ ነበር፤ ሌላው ገና ነው። ከዚያ የእናቴን ፊት አየችና ከንፈሯን ነከሰች።

ሸማኔው «አሮጊቷ ያውቃሉ?» ብለው ጠየቁ።

«አያውቁም።»

«እንዳያውቁ።» ወደ ሚስታቸው ዞሩ። «ለነገ የሰቀልነው ሥጋ አለ አይደል? ጥብስ አድርጊው። ሙሽራው ገብቶ፣ ተጨፍሮ፣ እስኪበላ ይደርሳል። ለእኛ ሰዎች የምለውን እኔ አውቃለሁ።» ቀጥለው ለእናቴ፣ «አንቺ ሂጂ፣ ፊትሽን ታጠቢና ልጅሽን ዳሪ።»

«ድስቱስ?» አለች እናቴ።

የበጉን ሥጋ እኛ አንበላውም፤ የበሬውን እነሱ አይበሉትም። አሁን ደግሞ ሁለቱ አይለዩም። አክስቴ በደግነታቸው የዓለምን ጣፋጭ ወጥ የማንም እንዳይሆን አድርገውታል።

ስለዚህ እኔና ጓደኛዬ አክስቴ ወደ ደጅ እስኪወጡ ጠብቀን፣ ድስቱን በጨርቅ ይዘን ወደ ታች፣ ባሕር ዛፎቹ ውስጥ ተሸክመን ወረድን። ከባድ ነበር። በየእርምጃው ክዳኑ እየተንቀጨቀጨ እንፋሎቱ በአፍንጫችን ይገባል። ከጠዋት ጀምሮ ሁለታችንም እህል አልቀመስንም።

«አንቺ ገጣሚ» አለችኝ ጓደኛዬ እያለከለከች።

«አቤት።»

«ሰው ሁሉ አንድ ነው ስትይ አልነበር? ይኸው አክስትሽ አንድ አደረጉልሽ። ብይዋ!»

«ቅድሚያ ላንቺ።»

«ኧረ ፍሪምባው ያንቺ ነው፣ በሞቴ!»

ሳቅ ይዞን ድስቱን መሬት ላይ አስቀመጥነው። ሆዴን ይዤ ስስቅ ዛፎቹ ላይ የነበሩ ወፎች ተነሱ። ከዚያ እሷ ክዳኑን አስተካከለችና «ወላሂ፣ እናቴ እኮ ደክማበታለች» አለች። እንጨት ፈልገን ጉድጓድ ቆፈርን፤ ውሻ እንዳያወጣው ጠለቅ አድርገን። ወጡን ስንገለብጠው ቀዝቃዛው አፈር ጤሰ። ጭሱ በዛፎቹ መካከል በሚገባው ብርሃን ውስጥ ለጥቂት ጊዜ ቆመ። አፈር መልሰን በእግራችን ረገጥነው። የሰርግ ልብስ ለብሰን ቀብር የሄድን ይመስል ነበር።

አሁን እሷ ሩቅ ከተማ ናት፤ አግብታ፣ ወልዳ። በስልክ ስንገናኝ ስለ ብዙ ነገር እናወራለን። አንዳንዴ ስለ ሰው አብሮ መኖር በየአዳራሹ የሚባለውን ስሰማ ልደውልላት ያምረኛል። ትልልቅ ቃላት ይነገራሉ፤ እኔም በጊዜዬ ገጥሜያቸዋለሁ። እኔ የማውቀው መተሳሰብ ግን ያን ቀን ያየሁት ነው። እናቴ የራሷ ያልሆነውን ሕግ እንደ ራሷ ጠበቀችው።

ሙሽራው በእውነት ሲመጣ ቀኑ ወደ ስምንት ሰዓት ሆኖ ነበር። እህቴ ወርዳ የሸማኔውን ጉልበት ሳመች። እሳቸው እጃቸውን ጭንቅላቷ ላይ አድርገው በራሳቸው ጸሎት መረቋት፤ ቄሱ ፈገግ ብለው ቆመው ጠበቋቸው። ጥብሱ ደረሰ። በጎረቤቶቹ ዳስ ወጥ የጠየቀ ሰው የለም፤ ሸማኔው በጆሮ የሚሉትን ብለዋል።

ያልጠበቅነው አንድ ነገር ነበር። አክስቴ ጠላ በማሰሮ ይዘው ወደዚያ ዳስ ገቡ። እናቴና እኔ ከሩቅ አይተናቸው ልንደርስባቸው ስንሮጥ ደፉ ላይ ቆመዋል። ጥምጣሞቹን አዩ። የሴቶቹን አሸፋፈን አዩ። ከፊታቸው ያለውን ጥብስ አዩ፣ ቀይ ወጥ ግን በአንድም ሳህን የለም። ማሰሮው እጃቸው ላይ ዘነበለ።

«ወጡ...» አሉ፣ ድምፃቸው ሳይወጣ።

ሸማኔው ተነስተው ሄዱና ክንዳቸውን ያዙ። «ደርሶናል እማማ» አሉ ከአፋቸው ነጥቀው። «ፍሪምባውን መርጠው የሞሉልን እርስዎ ነዎት አሉ። ለማያውቁት ሰው እንዲህ የሚያስብ እጅ ይባረክ።»

ዳሱ ሁሉ «አሚን» አለ።

አክስቴ የሸማኔውን ዓይን ለረጅም ጊዜ አዩ። ከዚያ ማሰሮውን ቀስ አድርገው ከዳሱ ውጭ አስቀመጡና ተመልሰው ከጎናቸው ተቀመጡ። ቀኑን ሙሉ ከዚያ አልተነሱም። ከሸማኔው ሚስት ጋር ስለ ጉልበት ሕመምና ስለ በግ ጠጉር ሲያወሩ፣ አንዴም ትከሻዋን መትተው ሲስቁ አየሁ። ሰርጉ ሲያልቅ በቅሏቸውን ጭነው ወጡ። ስለ ወጡ ምንም አልተናገሩም። እኔና እናቴ ግን ከዚያ በኋላ በተገናኘን ቁጥር እንከራከር ነበር። እናቴ «አልገባትም፤ ቢገባት አትችለውም ነበር» ትላለች። እኔ ማሰሮውን ወደ ውጭ ሲያስቀምጡ አይቻቸዋለሁ።

ከዓመታት በኋላ አክስቴ በዚያው በጉና ሞቱ። ለተዝካራቸው ስንወጣ ሸማኔው «እኔም እሄዳለሁ» አሉ። አርጅተው ነበር፤ መኪናው ከቆመበት በኋላ ያለውን ዳገት በበቅሎ አወጣናቸው። ደመናው ከእኛ በታች ነበር፤ ነፋሱ ጥምጣማቸውን እንዳይወስደው በአንድ እጃቸው ይዘውታል። በዚያ መንደር ጥምጣም ያየ ሕፃን ሁሉ ተከተለን።

ዳሱ ውስጥ ሰው መብላት ሲጀምር ሸማኔው በትሕትና ወደ ዳር ሄደው ተቀመጡ። ቆሎ ከቤታቸው ይዘው እንደመጡ አውቃለሁ፤ ባለቤቶቹን እንዳያስጨንቁ። እናቴ ግን ተጨንቃለች፤ ለእህቷ ልጆች እንዴት እንደምትነግራቸው ታስባለች።

ልትነሳ ስትል የአክስቴ ትልቁ ልጅ ከጓሮ መጣ። በአንድ እጁ ጠቦት ይጎትታል፤ በሌላው አዲስ የሸክላ ድስት፣ ያልተሟሸ፣ አቅፏል። ሸማኔው ፊት ደርሶ ቆመ። እንግዳ እንደሚለይ ሰው ዓይን ዓይናቸውን እያየ፣

«አባባ፣ እርስዎ ነዎት የከተማው ጎረቤት?» አለ።

«እኔ ነኝ።»

«እናታችን አደራ ብላናለች። የከተማው ወንድሜ ከመጣ ይሄን ጠቦት ማንም አይንካበት፣ በእጁ ይረደው ብላለች። ድስቱንም ከሞተች በኋላ ነው ከጓዳ ያወጣነው። ውኃ እንኳ አልነካውም። ቢላውም አዲስ ነው።» ትንሽ አመነታና «ለምን እንደሆነ አልነገረችንም። ያውቃል ነው ያለችው» አለ።

እናቴ ነጠላዋን ፊቷ ላይ አደረገች።

ሸማኔው የጠቦቱን ገመድ ተቀበሉ። ከዳሱ ጀርባ ሄደው አረዱ፤ የአክስቴ ልጆች እንጨት አቀረቡላቸው፣ ውኃ ቀዱላቸው፣ ድስቱን ግን አልነኩባቸውም። ሥጋው ሲበስል ፀሐይ ወደ ማዘቅዘቁ ነበር። የአክስቴ ልጆች፣ የልጅ ልጆችም፣ ትንሽ ራቅ ብለው ቆመው ይጠብቁ ነበር፤ ጣፍጧቸው እንደሆነ ለማየት። ሸማኔው እጃቸውን ታጥበው መሬት ላይ ተቀመጡ። «ቢስሚላህ» አሉ። በዚያ መንደር ሁሉ ያን ምግብ ሊበላ የሚችል ሌላ ሰው አልነበረም። ቀስ ብለው፣ ማንንም ሳያስቸኩሉ፣ እስኪጠግቡ ድረስ በሉ።